ቨርና ትጨርሰው የነበረ ሥራ

ኦርቪን ስትራንድ ከእንጨት መሰንጠቂያው በጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው ከቤቱ ጎን ባለው ጋራዥ፣ ጥይት በሚሞላበት ጠረጴዛ ፊት ነበር። በእኛ በሞንታናው ሸለቆ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙው አዳኝ የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህ ሰብስቦ፣ ባሩድና አዲስ አረር ጨምሮ ለራሱ ይሞላል። ለሌላ ሰው ግን አይሞላም፤ ሌላው የሞላውንም አይተኩስም። ኦርቪን ይህን ደንብ የጣሰው ለሚስቱ ለቨርና ብቻ ነበር።

ቨርና በሚያዝያ ሞተች። ኦርቪን አላለቀሰም። ሣር ያጭዳል፣ ሳህን ያጥባል፣ በተጠየቀው ልክ ይመልሳል። ጎረቤቱ ሎይድ በቁጣም ቢሆን ይንቃ ብሎ ሊያናድደው ይሞክር ጀመር። የሁለቱ የቆየ ሙግት አረሩ እንዳይነቃነቅ የቀለሁን ከንፈር በላዩ ስለማጠፍ ነው፤ ሎይድ ሳያጥፍ የሞላው ጥይት የለም።

«አንተ ሽማግሌ፣ አሁንም አፉን ሳታጥፍ ነው የምትተወው?» አለው አንድ ጠዋት ከጋራዡ በር ቆሞ።

«የእኔ ጠመንጃ አይፈልግም። የቀለሁ አንገት ራሱ ጨብጦ ይይዘዋል።»

«የእኔም ሱሪ ያለ ቀበቶ ይቆም ይሆናል። ሰው ፊት ግን አልሞክረውም!»

ድሮ ቢሆን ክርክሩ እስከ ምሳ በዘለቀ ነበር። አሁን ግን ኦርቪን «ይሁን» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ሎይድም ተከፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ነገሩ የሚወሰነው በጠመንጃው ነው። የኦርቪን ጠመንጃ ጥይቶቹን በካዝና ደራርቦ ስለሚይዝ ማጠፍ አያስፈልገውም። የቨርና ጠመንጃ ግን በእጅ ማንሻ የሚጎርስ የድሮ ሥሪት ነው። ጥይቶቹ ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ይተኛሉ፤ ከፊት ሞላ ይገፋቸዋል፤ በተተኮሰም ቁጥር እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከንፈሩ ያልታጠፈ ከሆነ አረሩ ወደ ቀለሁ ይሰምጣል። እንዲህ ያለው ጥይት ወይ ይቀረቀራል፣ ወይም ሲተኮስ ከልክ ያለፈ ኃይል ይፈጥራል። ኦርቪን ይህን አሳምሮ ያውቃል።

በጥቅምት መጨረሻ ሴት ልጁ ካርላ ከቢሊንግስ ከተማ መጣች። በእናቷ ጠመንጃ አጋዘን ልታድን ነበር፤ ይበልጡን ግን አባቷ ባሩድ ባለበት ቤት ብቻውን ሊተው ይችል እንደሆነ ልታይ ነው። አልደበቀችውም።

«አባዬ፣ እንቅጩን ልንገርህ። ደህና ካልሆንክ ቤቱን ዘግተን ከእኔ ጋር ትሄዳለህ።»

«ደህና ነኝ።»

«እናቴን የቀበርን ዕለትም ደህና ነኝ ነበር ያልከው።»

«ለእናትሽ ጠመንጃ ጥይት ልሙላልሽ?»

ካርላ ትንሽ አመነታች። «እሺ፣ ሙላልኝ» አለችው።

በዚያው ቀን ሞላላት። ባሩዱን መዘነ፤ አረሩን በመጭመቂያው ከቀለሁ አፍ አስገባ፤ ጥይቶቹን የደረደረበትን ትሪ በጠረጴዛው ግራ ጫፍ አኖረ፤ እጁን ታጥቦ ገባ። ካርላ ትሪውን ከዚያው አነሳች።

በማግስቱ ከስንዴው ማሳ ባሻገር ካለው ተረተር ላይ አጋዘን አገኙ። ካርላ ተኩሳ ሳተች። ማንሻውን ብትስብ ቀጣዩ ጥይት ተቀረቀረ። አጋዘኑ ጥቂት አይቷቸው ሄደ። ኦርቪን ጠመንጃውን ተቀብሎ ጥይቱን አወጣው። አረሩ ግማሹን ሰምጧል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ከንፈሩ አልታጠፈም።»

«ገብቶልኝ ብተኩሰውስ ኖሮ?»

«ምናልባት ምንም አይሆን። ምናልባትም ፈንድቶ ፊትሽን።» ስለ ነፋሱ አቅጣጫ የሚናገር ይመስል ነበር።

ካርላ በረዶው ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ምንም አይሰማህም?»

ኦርቪን ጥያቄውን መረመረው። «ሊሰማኝ እንደሚገባ አውቃለሁ» አለ።

ቤት ሲገቡ ካርላ ወደ ጋራዡ ወሰደችው። «ትናንት ያደረግከውን አሁን እያየሁ አድርገው» አለችው። እሱም መዘነ፤ አስገባ፤ ደረደረ፤ ትሪውን ወደ ግራ ገፋ፤ ሊነሣም ተንቀሳቀሰ። እጁ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። በግራ ጫፍ በኩል ያለው የቨርና በርጩማ ነበር።

«እዚህ ሳደርሰው የእኔ ሥራ ያልቃል» አለ። «ማጠፉ የእናትሽ ነበር። የጋብቻችን ዘመን ሁሉ።»

ካርላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እሱ የመጭመቂያውን ራስ ዝቅ አድርጎ አሰረላት፤ እሷ እጀታውን እየሳበች ከንፈሮቹን አጠፈች። ከዚያም የእያንዳንዱን አረር ጫፍ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተጭና እንድትፈትን አሳያት።

«ጠንከር አድርገሽ ግፊ። እናትሽ በሙሉ ክብደቷ ነበር የምትገፋው።»

«ክብደቷን እንዲህ ስታነሣ ብትሰማህ ኖሮ ዛሬ እራት አልነበረህም።»

ኦርቪን አልሳቀም፤ ግን ቀና ብሎ አያት። ከተጫኑት አረሮች አንዱም አልሰመጠም።

ካርላ የመጨረሻውን ጥይት አኑራ ዞረች። «ቤቱ ይቆያል፤ አንተም ትቆያለህ። ባሩዱን ግን እወስደዋለሁ። በየመጸው ይዤው እመጣለሁ፤ የእናቴን ጠመንጃ ጥይት አብረን እንሞላለን።»

«የእኔንስ?»

«የአንተንም። እኔ ሳልኖር ምንም አትሞላም።»

ኦርቪን ተነሥቶ የባሩዱን ጣሳዎች ከመደርደሪያው አወረደ፤ ራሱ ተሸክሞ ፒካፕ መኪናዋ ውስጥ አስገባቸው።

«ከማሞቂያው አርቀሽ አስቀምጪያቸው» አለና በሩን ዘጋላት።