«ሞተ» እና «ሞተች»

ፋና የጓደኛዋን የመርዶ ወረቀት በጣሊያኑ ፖንቴ ማሞሎ ሜትሮ ጣቢያ መግቢያ ላይ ለጥፋ ሳትጨርስ አንድ ሐበሻ ሽማግሌ ጠጋ አሏት። የኮታቸው ኮሌታ በቅባት ጠቁሯል። የቀይ እስክሪብቶአቸውን ጫፍ በምላሳቸው አርሰው ወረቀቱን ይሰርዙት ጀመር።

«አባባ፣ የሞተች ሴት ማስታወቂያ እኮ ነው!» አለች ደንግጣ። ሟቿ ከእሷ ጋር አንዲት አሮጊት ስትጦር የኖረች ሩሲያዊት ነበረች፤ ጽሑፉንም ፋና ወደ ሩሲያኛ በስልኳ ነበር ያስተረጎመችው።

«እሱንማ አየሁ። ግን ‹ሞተ› ይላል። በሩሲያኛም እንደኛው ግሡ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል፤ ሴት ‹ሞተች› ነው የምትባለው። ነጠላ ሰረዝም ጎድሎታል።» ምራቃቸው ከቀለሙ ጋር በሟቿ ስም ላይ ፈሰሰ። «ሌኒንግራድ ስማር ሚስቴ ናት ያስጠናችኝ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«እኔ እንጃ። ነፍሰ ጡር ሆና ሳልሰናበታት ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቄያትም አላውቅ።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ከወረቀቱ አልተነሳም። መጨረሻው ላይ ድቡልቡል ነጥብ አስቀመጡና «አሎራ» አሉ፣ በጣሊያንኛ «እንግዲህ» እንደ ማለት፤ «ነጥቡ ከሩቅ ይታያል?»



«ይታያል! አሁን ዞር በልልኝ!» አለችው። አንቱ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ አላት።