ከኮምፒውተሮቹ ላይ የላጥኳቸው ቁጥሮች

ዛሬ ጠዋት ጳውሎስ አካባቢ ካለ ፋርማሲ ለእናቴ መድኃኒት ልገዛ ተሰልፌ ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰችው ፋርማሲስት ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ "የትኛውን? ይሄን? አጠፋሁት እኮ!" ትላለች። ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተሯን የሚያስተካክልላት ሰው አለ ማለት ነው። ሰልፈኛው ሲያጉረመርም እኔ ሳላስበው ፈገግ አልኩ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ከዊንጌት ከፍ ብሎ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በጽዳት ተቀጠርኩ። እንደዚያ የወደድኩት ሥራ የለም። ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን ፀሐፊዋ እትዬ ብርቄ የምስር ሳምቡሳ ታስገዛና አንዱን ለእኔ ታቀብለኛለች። "ብዪ እንጂ፣ ምን ያስቀረቅርሻል? መሬቱን እንደሆነ ጠርገሽዋል" ትለኝ ነበር። ሰው ፊት መናገር ሞት ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ገብቶ ለተማሪዎች ካርድ የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። አዲስ ፕሪንተር ተገዝቷል፤ ኮምፒውተሮቹ ከእሱ ጋር እንዲግባቡ ግን ድራይቨር የሚባል ነገር ያስፈልጋቸዋል። ሀብታሙ የሚባል ባለሙያ ቦሌ፣ ዋናው ቢሮ ተቀምጦ በኢንተርኔት ይልካል፤ እትዬ ብርቄ ደግሞ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍታ እሱ ቁጥሩን የነገራትን ኮምፒውተር አጥፍታ ታበራለች።

"አራት ቁጥርን አጥፍተሽ አብሪው። ሌላውን እንዳትነኪ፣ እየጫነ ነው።"

"አጠፋሁት።"

"አልጠፋም፣ እዚህ እያየሁት ነው። የጠፋው ሰባት ነው!"

"አንተ ሀብታሙ፣ አራትና ሰባት ይምታታብኛል እንዴ? የልጆች እናት ነኝ እኮ!"

መወልወያዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ከሁለት ቀን በፊት ኮምፒውተሮቹን በሳሙና ጨርቅ ስወለውል የተለጠፉባቸው ቁጥሮች ተላጡ። አድርቄ መልሼ ለጠፍኳቸው፤ ከበሩ ጀምሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ። ቁጥር በተራ የሚሄድ ነገር መስሎኝ፣ እንዲያውም አሳመርኩት ብዬ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም አልኩ። ወላጆች ዣንጥላቸውን እያራገፉ በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። ርዕሰ መምህሩ ገብተው "ወይዘሮ ብርቄ፣ ካልቻሉበት የሚችል ሰው እናመጣለን" አሏት። እሷም አጎንብሳ አንዱን ኮምፒውተር እንደገና አጥፍታ አበራች። ያኔ ነው ድምፄ የወጣው።

"እኔ ነኝ... ቁጥሮቹን ያቀያየርኳቸው እኔ ነኝ።"

ስልኩን ሰጠችኝ። ሀብታሙ አልጮኸብኝም። "ከጀርባቸው የተጻፈውን መለያ አንብቢልኝ፣ እህቴ፤ በእሱ እለያቸዋለሁ" አለ። ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበብኩለት።

"እቺን ፊደል ረስቻታለሁ።"

"ምን ትመስላለች?"

"ኦ ናት፣ ግን ጭራ አላት።"

"ኪው! ጎበዝ፣ ቀጥዪ።"

ስምንት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ካርድ ታተመ። ሥራዬንም አላጣሁም። ወደ ታክሲ ስንወርድ ግን እትዬ ብርቄ ቀስ ብላ "ያን ሁሉ ሰዓት ቆመሽ ታዪኝ ነበር?" አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ስቃ ተቀበለችኝ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

ያን ግቢ፣ ያን ሰኔ ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ጥያቄዋም አብሮ ይመጣል። ዓይናፋርነቴ አሁንም አለ። ብቻ ሰው ተጨንቆ ሳይ፣ የማውቀው ነገር ባይኖርም፣ ዝም ማለት አልችልም። ተራዬ ሲደርስ ፋርማሲስቷን "ምን ላግዝሽ?" አልኳት።

ስልኩን ከጆሮዋ ነጥላ አየችኝ። "ምንም። ብቻ አንቺ እንኳ አትቆጪኝ" አለች።