ከፍልሰታ በኋላ የሚበላ ዓሣ

ሻንጣው አሁንም አልጋችን ሥር ነው። ባለቤቴ ወደ ቁም ሳጥኑ እንድመልሰው ሁለት ጊዜ ነግራኛለች፤ እኔም ሁለቴ እሺ ብዬ ሁለቴ እንዳልሰማ ሆኛለሁ። ውስጡ የሁለታችን የዝናብ ጃኬትና የእሷ የጎማ ቦት ጫማ አለ። ያጣጠፍኳቸው ጥር ላይ ነው። ለመስከረም ጉዞ በጥር ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሞኝ አለ ወይ ብትሉኝ፣ አለ፣ እኔ ነኝ።

ጉዞው ወደ አየርላንድ ነበር። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የምንኖርበት ሕንጻ ውስጥ፣ ሊፍት ላይ የማገኘው ሀበሻ ሁሉ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "እዚያ ማን አላችሁ?" ብሎ ነው። ማንም የለንም። ዘመድ ወደሌለበት አገር አሥራ አንድ ዓመት በየነሐሴው የሚመላለስ ሰው ለወገኖቼ ጤነኛ አይመስልም። ለቅሶ ካልሆነ፣ ሠርግ ካልሆነ፣ ጠበል ካልሆነ ሰው ለምን አውሮፕላን ይሳፈራል? አንዱማ ዝናብ ልታዩ ነው ወይ ብሎ ስቆብኛል። ይህን ስጽፍ ግን ልቤ እዚያ ነው፤ ያ ዝናብ እንኳ ይናፍቀኛል።

ነገሩ የጀመረው በሥራ ባልደረባዬ ነው። ኖርዝ ዮርክ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳትና በጥገና ስሠራ አብሮኝ የነበረ አየርላንዳዊ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጣ የእህቱን አድራሻ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። እህቱ በአገሪቱ ምዕራብ ጠረፍ፣ በአንዲት ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ክፍል ያከራያሉ። ሚስትህን ይዘህ ሂድ፣ ስትመለስ ታመሰግነኛለህ አለኝ። ወረቀቱን አንድ ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ባለቤቴ ያኔ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ነበረች። ሰው ስታነሳ፣ ሰው ስታገላብጥ ውላ ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። አንድ ቀን እንደዚያ ሆና ሳያት አንጀቴን በላችውና ትኬት ቆረጥኩ።

መንደሯ ይህ ነው የሚባል ነገር የላትም። አንድ ጠባብ መንገድ፣ በግራ በቀኝ ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ አጥር፣ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ጀልባ የሚታሰርባት ትንሽ ወደብ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሸሽቶ አለቱን ራቁቱን ይተወዋል፤ ከዚያ ነገር እንደረሳ ሰው ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ተኛች። ካገባኋት ጀምሮ እንዲያ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። አጠገቧ ተቀምጬ ዝናቡ መስኮቱን ሲመታ እየሰማሁ፣ በየዓመቱ ወደዚህ አመጣታለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። መሐላዬን እስከ ዘንድሮ ጠብቄአለሁ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት የሚያጸዳ ሰው ዕረፍት የሚያገኘው ተማሪው ሄዶ፣ ወለሉ ሁሉ ታጥቦና ሰም ተቀብቶ ሲያበቃ ነው። ተማሪ ከመመለሱ በፊት ደግሞ ሥራ ላይ መገኘት አለበት። በመሐል ያለችው ቀዳዳ በትክክል ፍልሰታ ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ እኛ ያን የዓሣ አገር የምናየው ሁልጊዜ በጾም ነው። ባለቤቴ ደግሞ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቀን አላጎደለችም። እኔ እሷ ስለምትጾም የምጾም ዓይነት ሰው ነኝ።

በመጀመሪያው ዓመት፣ እንደደረስን፣ ጾም ላይ እንደሆንንና ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደማንበላ ባለቤቴ ለአከራያችን አስረዳቻቸው። ሴትዮዋ ዓይናቸው በራ። እናታቸው እንዲህ አጥብቀው ይጾሙ እንደነበር፣ ዛሬ ግን ጾመኛ ሰው ካዩ ብዙ ዘመን እንደሆናቸው እየነገሩን የባለቤቴን እጅ ይዘው ቆዩ። በማግስቱ ለራት ስንቀመጥ ማኬሬል የሚባለው ዓሣ ሁለት ሙሉውን፣ ከነጭንቅላቱ፣ በአጃ ዱቄት ተለውሶና ተጠብሶ ቀረበ። ጠዋት አጥማጁ ቤት ድረስ ሄደው ነው ያመጡት። ቅቤ አንበላም ስላልናቸውም የጠበሱት በዘይት ነው። በእሳቸው ቤት ዓሣ የጾም ምግብ ነው። ጾመኛ እንግዳ ሊያከብሩ ያላቸውን ምርጥ ነገር ማቅረባቸው ነበር።

ባለቤቴ ዓሣውን አየችው፤ ዓሣውም በአንድ ዓይኑ አያት። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ በአማርኛ፣ ዓሣ ይፈቀዳል የሚሉም አሉ እኮ አልኳት።

"የሚሉት ይብሉ" አለች።

ድንቹን በላን። አከራያችን ሳህኑን እንዳለ ሲመልሱት ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ባለቤቴም አልረሳችውም። በማግስቱ ሳይጠሯት ወጥ ቤት ገብታ ድንች ስትልጥላቸው ዋለች፤ እዚያው እያወጉ ሁለቱ ታረቁ። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሴትዮዋ ከአለት ላይ የሚለቀም፣ የደረቀ ቀላ ያለ የባሕር ቅጠል አመጡ። ባለቤቴ ተክል መሆኑን ሦስት ጊዜ አረጋግጣ ቀመሰችው። ጨው የበዛበት ጎመን ነው ብላ ፈረደች፤ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በላስቲክ ይዛ ወደ ቶሮንቶ ትመለስ ነበር።

ልንለያይ ስንል በር ላይ ቆማ ለሴትዮዋ ቃል ገባችላቸው። ወደ እኔ ዞራም ያንኑ በአማርኛ ነገረችኝ። "ጡረታ ስትወጣ በመስከረም እንመጣለን። ያኔ አብረን እንበላዋለን።" ከዚያ በኋላ በመጣን ቁጥር አከራያችን ሲሸኙን የሚሉት ይህንኑ ነበር፤ እንግዲህ አንድ ቀን በመስከረም።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። በሦስተኛው ዓመት ወደቡ ላይ ዓሣ የምትጠብስ አንዲት መኪና መቆም ጀመረች። ሽታው ቁልቁለቱን ወጥቶ እስከ መስኮታችን ይደርሳል። ሁለት ቀን ቻልኩ፤ በሦስተኛው ሆዴ አሸነፈኝ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩና ከተከመረው መረብ ጀርባ ቆሜ፣ ያን ቀን ከባሕር የወጣ ማኬሬል በእጄ በላሁ። እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር ለመግለጽ አልሞክርም፤ የሰረቁት ነገር ጣዕም የታወቀ ነው። እጄን በባሕር ውኃ ታጥቤ፣ አፌን በማስቲካ ሸንግዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ዓይን አወጣሁ። በየዓመቱ፣ በየቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ እግሬን አፍታታለሁ።

ስመለስ ሁልጊዜ የማገኛት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጣ ነው። ነጠላዋን በጃኬቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ። እቀልድባት ነበር። ስንት ውቅያኖስ አቋርጠሽ መጥተሽ አስፋልት ታያለሽ፣ ባሕሩ በዚያ በኩል ነው እላታለሁ። ትስቃለች፣ ተነስታ እጄን ትይዛለች፣ እንገባለን።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ጡረታ ወጣሁ። ጥር ላይ ገና ቀኑ ሲቆረጥልኝ የመስከረሙን በረራ ቡክ አድርጌ፣ ለአከራያችን ደውዬ፣ ሻንጣውን አወረድኩት። መጋቢት ላይ ባለቤቴ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ሚያዝያ ሳያልቅ ኩላሊቶቿ ሥራ ማቆማቸው ተነገረን። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ ደሟን የሚያጥብ ማሽን ላይ ናት። ስለ ጉዞው ስጠይቃት ሐኪሟ ሳትቆጣ አስረዳችኝ። ለመንደሯ ቅርብ የተባለው ማሽን እንኳ በመኪና የሰዓታት መንገድ ነው፤ በዚያ ላይ ገና አልተረጋጋችም። ዘንድሮ አይሆንም አለችኝ።

ማሽኑን ማየት አልችልም። ደሟ በዚያ ቀጭን ቱቦ ሲወጣና ሲገባ ዓይኔን አዞራለሁ። ስለዚህ አስቀምጫት፣ ብርድ ልብሷን አልብሻት፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ እወጣለሁ። አራቱን ሰዓት መንገድ ለመንገድ ስዞር ቆይቼ ሲያልቅ እመጣለሁ።

ሐምሌ ላይ እንደማንመጣ ለመንገር አከራያችን ጋ ደወልኩ። እሳቸውም ቤቱን መሸጣቸውን፣ ከክረምቱ በፊት ከባሕሩ ርቆ ወደሚኖረው ልጃቸው እንደሚሄዱ ነገሩኝ። እስካሁን የቆዩት እኛ በመስከረም እንመጣለን ብለን ስለነበር ነው። ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ ሁሉንም ከፊቴ አንብባው ነበር።

"ፍላይቱን ካንስል እንዳታደርገው" አለችኝ። "ሂድና ለእኔም ብላልኝ። ቢያንስ አንዳችን ቃላችንን እንጠብቅ።"

ብቻዬን አልሄድም አልኩ። ለአንድ ሳምንት ተጨቃጨቅን። እውነቱን ልናገር፤ መሄድ ፈልጌ ነበር። ያን መንገድ፣ ያን መስኮት፣ በዚያ አልጋ ላይ እስከ ረፋድ ተኝታ ያየኋትን ሴት ፈልጌ ነበር። ያችን ሴት ግን ያለ እሷ የት አገኛታለሁ?

ፍልሰታ ገባ። የንስሐ አባታችን ዘንድሮ እንዳትጾም አዘዋት፣ እንቁላሏን እንደ መድኃኒት እየዋጠች ታዘዘች። እንግዲያው ዓሣውን ልሥራልሽ ብላት ግን እሱ ጾሙ እስኪፈታ ይቆይ አለች። በፍስኩ ቀን ሕንጻው በሙሉ ዶሮ ዶሮ ሲሸት እኔ ከገበያ ማኬሬል ገዝቼ፣ አከራያችን በስልክ እንደነገሩኝ በአጃ ዱቄት ለውሼ ጠበስኩ። ከነጭንቅላቱ። ሐኪሟ የመዳፏን ያህል ፈቅዳላት ስለነበር ለክቼ አቀረብኩላት። አማተበች፣ አጥንቱን በጣቶቿ ለየች፣ ጎረሰች። ቀስ ብላ አኘከች።

"ወደቡ ላይ የምትበላው እንዲህ ነበር?" አለችኝ።

የቱ ወደብ አልኩ። ያን የመጀመሪያውን ዓሣ ባየችበት ዓይን አየችኝ። ጃኬትህን ማን ያጥብ ነበር ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እዚያው ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ታዲያ ለምን አልተናገርሽም ብዬ ጠየቅኳት።

"ነይ ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅ።"

"ብልሽ ትበዪ ነበር?"

"ኧረ አልበላም" አለች። "አጠገብህ እቀመጥ ነበር እንጂ።"

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ሳህኗ ላይ የቀረውን በላች፤ ጥሩ ነው፣ ጨው አንሶታል አለች። ጨው ያሳነስኩት ለእሷ ብዬ እንደሆነ ታውቃለች። እኔ መብላት አቃተኝ። ያ የድንጋይ አጥር ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ እሷ በላዩ ተቀምጣ፣ ባሕሩ ከጀርባዋ፣ መንገዱን እያየች። እኔ ደግሞ ከመረቡ ጀርባ ቆሜ። በየዓመቱ እዚያ የነበሩን ቀናት ጥቂት ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ ላይ ምርጡን ሰዓት እየቆረስኩ ለብቻዬ በልቻለሁ። ዛሬ ከእነዚያ ሰዓቶች አንዱን መልሰው ቢሰጡኝ ዓሣውን አልነካም።

ማግስቱ የማሽን ቀን ነበር። አስቀመጥኳት፣ ብርድ ልብሱን አለበስኳት፣ ነርሷ መርፌውን አስገባች። ግድግዳውን እያየሁ ቆምኩ። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ትንሽ ቆይታ ገለጠችው።

"እግርህን አታፍታታም?"

"ዛሬ አልሄድም" አልኳት።

ጥቂት አየችኝ። ከዚያ በነጻው እጇ አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አነሳችልኝ።