በጥቁር ነጠላ የተጠቀለለው የሮቦት እጅ

ደባርቅ፣ ማለዳ

ከቤት የወጣሁት ልጄ ሰብለ የነደፈችውን የሮቦት እጅ አብሬያት ዳባት ለማድረስ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ሄጄ አላውቅም። ውጭ አገር፣ የየአገሩ ተማሪዎች የሠሩትን ሮቦት ይዘው የሚወዳደሩበት መድረክ አለ። ጎማና ሞተር ያለውን አካል የቡድን ጓደኞቿ፣ የዳባት ልጆች፣ ሠርተዋል። እጁን አናጢው አባቷ ከመታመሙ በፊት ከጽድ ጠረበላት፤ የመጨረሻ ሥራው ነው፤ የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተርና ባትሪ ሰብለ ገጠመችበት። ዛሬ ሁለቱ ተገጥመው ኳስ አንስተው ቅርጫት ውስጥ ካልከተቱ፣ የዳባቱ መምህር ሌላ ቡድን እንደሚልኩ ተናግረዋል።

እጁ ግን ኳስ አይዝም፤ ያንሸራትታል። ባሌ ሸካራ ነገር አይወድም ነበርና ጣቶቹን እንደ መስታወት አለስልሷቸዋል። ሰብለ "በሞረድ ትንሽ ላሻክረው" ባለች ቁጥር "አትንኪው" እላታለሁ።

ካርቶን ስላላገኘን በሐዘን ነጠላዬ ጠቅልዬ ታቀፍኩት። መናኸሪያው በር ላይ ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ ገዛን። የእኔንም ለሰብለ ሰጠኋት።

ወቅን ሳንደርስ

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጥቁር ልብሴን አዩ፤ ጭኔ ላይ የተጋደመውንም አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እግዜር ያጥናሽ ልጄ። አጽሙን ወዴት ነው የምትወስጂው?"

ሳልመልስላቸው ሹፌሩ ዘፈኑን አጠፋ። ሽማግሌው እንዳይንገጫገጭ ብለው አንዱን ጫፍ ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ከኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔም አልቅሼ አልወጣልኝም ነበር።

ሰብለ ባትሪውን መንቀል ረስታ ኖሯል። ሚኒባሱ ጉድጓድ ሲመታ እጁ ነጠላው ውስጥ ተንፈራገጠ። ሽማግሌው "በስመ አብ" ብለው በመስኮት ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም።

"እንጨት ነው አባቴ፤ ልጄ የሠራችው ማሽን ነው" አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። "ታዲያ ያን ሁሉ ነፍስ ይማር ያልኩት ለእንጨት ነው?"

"የጠረበው ሰው ሞቷል። ለእሱ ይሁንለት።"

"እንዲያ ከሆነ ይሁን።"

"እኔ ግን ዘፈኔን ልመልስ" አለ ሹፌሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሰብለ ግን ነጠላውን ስትገልጥ ፊቷ ተለዋወጠ።

ዳባት

ነጠላው ጣቶቹ መሃል ተነክሶ፣ ክሩ የሞተሩ ጥርስ ላይ ተጠምጥሟል። ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ከበውን ቆሙ። መምህሩ ሰዓታቸውን ያያሉ።

"እማዬ፣ ወይ ጣቱን ልስበረው፣ ወይ ነጠላውን ልቁረጠው" አለች።

ሙት ዓመቱ ገና አልደረሰም። ተቀምጬ ተነሳሁ፤ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ መቀሱን ተቀብዬ ራሴ ቆረጥኩት።

ልጆቹ ክሩን ከጥርሱ ለቀሙት። ሰብለ ጣቶቹ ላይ የቀረውን ጨርቅ ልታላቅቅ ስትል እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። "ኳሱ እንዳያንሸራትት እዚሁ በሙጫ ላጣብቀው?"

"አጣብቂው" አልኳት።

እጁን ከአካሉ ጋር ገጠሙት። ዝቅ አለ፤ ኳሱን ጨበጠ፤ እየተንቀጠቀጠ አነሳው። አልጣለውም። ኳሱ ቅርጫቱ ውስጥ ሲገባ መምህሩ "እስኪ ድገሙት" አሉ። ደገሙት። "በሉ፣ የምልከው እናንተን ነው" አሉ።

ወደ ቤት

ደባርቅ ስንገባ ጎረቤቴ የተቆረጠውን ጫፍ አይታ ልትዘመዝምልኝ መርፌ ይዛ መጣች። ተይው አልኳት። የባሌን ሥራ ሳይነካ ማቆየት እሱን መጠበቅ ይመስለኝ ነበር፤ ኳሱን የያዘው ግን ከተነካ በኋላ ነው። ሰብለ ለመለዋወጫ ሌላ ቁራጭ ያስፈልገኛል ብላለች። መቀሱን ነጠላው ላይ አስቀምጬላታለሁ።