የመሬት ተቃውሞ

የታሰርነው በሽቦ ምክንያት ነው። እኔ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። አብሮኝ የታሰረው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው፤ የተማረው የመሬትን ሆድ ከላይ ሆኖ መመርመር ነው። የብረት ችንካር እንተክላለን፣ ሽቦ እንዘረጋለን፣ እሱ በባትሪ ኤሌክትሪክ ይለቅና መሣሪያውን ያያል። እኔ የሽቦውን ጫፍ ይዤ ሜዳ ለሜዳ እሄዳለሁ። ከአዋሳ ወጣ ብለን ስንሠራ አብዮት ጥበቃዎች ደረሱብን። አንዱ ሽቦውን በጠመንጃው አፈሙዝ ነካ አድርጎ «የሬዲዮ ነው» አለ። አለቀ።

ያስገቡን መሃል ከተማ፣ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የበቆሎው አቧራ ገና አልለቀቀውም፤ ሳንቀመጥ ማስነጠስ ጀመርን። ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳ ይራመዳል። ያ ትልቅ ወፍ ከሐይቁ ዓሣ ጠግቦ መጥቶ ሲንጎራደድ ጫማ ያደረገ ሰው ይመስላል። እስረኞቹ «ዝም በሉ፣ የበላይ አካል መጣ» እያሉ ይሳሳቁ ነበር።

የቀበሌው ካድሬ ሁለታችንንም አንድ ላይ አስጠራን።

«ምን ስትሠራ ነበር?» አለው ልጁን።

«የመሬቱን ተቃውሞ ስለካ ነበር፣ ጓድ።»

መሬቱ ኤሌክትሪክ አላሳልፍም ሲል እሱ እንደዚያ ነበር የሚጠራው። ካድሬው ከወንበሩ ተነሣ።

«መሬት ላራሹ ታውጆ፣ መሬቱ ምን ቀረብኝ ብሎ ነው የሚቃወመው?»

«ሁሉም አይደለም። የላይኛው ነው የሚቃወመው። ወደ ታች ሲወረድ ተቃውሞው ይቀንሳል።»

«የላይኛው ስትል? አዲስ አበባ ያሉትን ነው?»

ልጁ እኮ እያስረዳ ነው። ባስረዳ ቁጥር ባሰበት።

መጋዘን ስንመለስ፣ ከእኛ በፊት የታሰረ አንድ አስተማሪ ነገሩን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ተቆጣ። «አንተ ሰው፣ ቃሉን ለውጠው እንጂ! ጥንካሬ በለው፣ እምቢታ በለው፣ ብቻ ተቃውሞ አትበል!» በማግስቱ ልጁ «የመሬቱን ጥንካሬ» አለ። ካድሬው ጠረጴዛውን መታ። «ቃልህን ለወጥክ! ማን መከረህ?» አስተማሪው ይህን ሲሰማ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

ከግድግዳው ወዲያ ወፍጮ ቤት ነበር። የናፍጣ ሞተሩ ሲነሣ ጭሱ በቆርቆሮው ስር እየገባ ያፍነናል። ልጁ እያሳለ ታሪኩን ያወራኝ ያኔ ነው። አብረውት የተመረቁት አንዳንዶቹ አስተማሪ ሆኑ፣ አንዳንዶቹ ነዳጅ ፍለጋ ወደ ኦጋዴን ሄዱ። እሱን ግን ገና ተማሪ ሳለ ከሐይቁ ማዶ ያለውን ተራራ አሳይተውት ነበር፣ መሬቱ ተሰንጥቆ እንፋሎት የሚተነፍስበትን።

«እጄን ዘረጋሁበት ጋሼ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አላሰኘኝም» አለ። «ከሥር ያለውን ሙቅ ውሃ ብናገኘው፣ እንፋሎቱ መብራት ይሰጣል። ይሄ ወፍጮም ያለ ጭስ ይፈጫል።»

«መጀመሪያ አንተ ከዚህ ውጣ» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን መጋዘን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ሳቅ ነው። ምን ይደረግ።

አንድ ጠዋት ካድሬው እኔን ብቻ ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

«አንተ ጭቁን ነህ። ከአንተ ጋር ጠብ የለንም። ነገ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥተህ፣ በሽቦው ከሰው ጋር ሲነጋገር ሰምቻለሁ ትላለህ። ከዚያ ወደ ሚስትህ ትሄዳለህ።»

«እሱስ?»

«እሱ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል።»

ተጭኖ የሄደ ሰው ሲመለስ አላየንም።

ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ፣ በየቀኑ ቆጮ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ይህን ሳላስብ ቀረሁ አልልም። ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተነሥ ተባልኩ፣ ተነሣሁ።

«በሽቦው ሲነጋገር ሰምተሃል አይደል?»

«አልሰማሁም።»

«በደንብ አስብ!»

«ያኛውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ። ያናገረኝ የለም። አንዴ ብቻ ‹ጋሼ ሳብ ያድርጉት› ብሏል፤ እሱንም በአፉ ጮሆ ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፣ አዳራሹ ተከተላት። ካድሬው «አውጡት ይሄን ደረቅ!» አለ። ወደ መጋዘኑ በጥፊ እየሸኙ መለሱኝ።

ልጁ ነገሩ ቀድሞ ደርሶት፣ ዓይኑ ቀልቶ ጠበቀኝ። «ለምን ወደ ሚስትዎ አልሄዱም ጋሼ?»

«ያልሰማሁትን ምን ብዬ ሰማሁ ልበል?» አልኩት። ካቦርቱን አውጥቶ አነጠፈልኝና እሱ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠ።

ምስክር ስላጡ አልጫኑትም። ቆይቶ መሥሪያ ቤቱ ሰው ልኮ አስፈታው። እኔን «ደረቁ» እያሉ ከዚያም በኋላ አቆዩኝ፤ ልጄ የተወለደችው እኔ እስር ላይ እያለሁ ነው። እሱ ውጭ አገር ሄዶ ተማረ፣ ተመልሶም ጸጉሩ እስኪሸብት በስምጥ ሸለቆው እንፋሎት ሲከተል ኖረ።

ባለፈው ዓመት ወጣት መሐንዲሶች ይዞ ሐዋሳ መጣና ሐይቅ ዳር ምሳ ጋበዘኝ። ልጆቹ ተነሥተው እጅ ነሱኝ። አንዷ «እርስዎ ማን ነዎት አባባ?» አለችኝ። አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ባልደረባዬ ናቸው» አለ።

የቀን ሠራተኛ ነበርኩ እኮ። አላረምኩትም።