ራስን የማመስገን ሥራ

ሳሊም ጠይብ እንግሊዝኛ ማስተማር የጀመረው ዳባት ነው፤ እንጀራ ያበላው ግን ሱዳን ነው። ካርቱም የነጋዴ ልጆችን፣ ኋላም ሥራ ፈላጊ ጎልማሶችን አስተምሮ ስሙ ከሰፈር ሰፈር ተጠራ። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ስም ሻንጣ ውስጥ አይከተትም። በመተማ በኩል፣ ጉልበቱ አልቆ፣ ደባርቅ አባቱ ቤት ገባ።

አሁን አርባ ዓመት አልፎታል። ከአባቱ የጨርቅ ሱቅ ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ በየአገሩ ላለ ትምህርት ቤት ማመልከቻ ይልካል። በዚህ ዕድሜ ከሀ ሁ መጀመር አጥንት ድረስ ያደክማል።

ከብዙ ዝምታ በኋላ ኦማን ያለ አንድ ትምህርት ቤት በስልኩ ላይ በቪዲዮ አነጋገረው። ሌላው ጥያቄ ሁሉ ቀሎት ሳለ ጠያቂዋ ሴት፣ «ከሌሎቹ ይልቅ አንተን ለምን እንምረጥ?» አለችው። የዚህን ጥያቄ መልስ ካርቱም ላይ ስንቱን አስጠንቶ ለሥራ አብቅቷል! ቀና ሲል ግን አባቱ ሐጂ ጠይብ ከመደርደሪያው ሥር ሆነው ያዩታል። እንግሊዝኛ አያውቁም። ቢሆንም በእኚህ ሰው ፊት ራሱን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም፤ በእነሱ ቤት ራሱን ያመሰገነ መሳቂያ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ ምን እላለሁ፤ ያስተማርኋቸው ይናገሩ» ብሎ መለሰ።

እኅቱ ሳጂዳ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች።

«አንተ ሰውዬ! የጠሩህ እኮ ለሥራ ነው እንጂ ለሽምግልና አይደለም!»

«ደግ ብሏል» አሉ ሐጂ ጠይብ። «የጨዋ መልስ ነው።»

«አባባ፣ በጨዋ መልስ ማን ቪዛ ሰጠ?»

በሳምንቱ መልእክት መጣ። ትምህርት ቤቱ አመንትቷል፤ ችሎታውን በራሱ አንደበት የሚያስረዳበት አጭር ቪዲዮ እስከ ማግሥቱ ይላክ ይላል። ካልላከ ቦታው ለሌላ ነው።

ሳሊም ስልኩን ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ላይ አስደግፎ ጀመረ። አልሆነም። ደግሞ ጀመረ። አባቱ ሲያስሉ ቀረጻውን አቋረጠ።

«አባባ፣ እባክዎ ትንሽ ውጭ ይቆዩልኝ» አለ፣ በደከመ ድምፅ።

«ምነው?»

«ራሴን ላመሰግን ነው።»

ሽማግሌው በርጩማቸውን አንሥተው ወጡና በሩን ዘጉለት። ዘቢደር የምትባል ደንበኛ ነጠላ ፈልጋ ስትመጣ ከውጭ ድምፃቸው ተሰማ።

«ኋላ ተመለሽ ልጄ። ሳሊም ሥራ ላይ ነው።»

«ምን እየሠራ ነው፣ ሐጂ?»

«ነውር። ግን ለእንጀራው ነው።»

ሳሊም ተናገረ። ጎበዝ ነኝ አለ፤ እንደኔ ያለ መምህር አታገኙም አለ። ውሸት አልነበረበትም፤ ሆኖም ሊማሊሞን ሸክም ይዞ እንደ ወጣ ሰው ላብ አጠመቀው። ቪዲዮውን ልኮ በሩን ከፈተ።

«ጨረስህ?» አሉት አባቱ።

«ጨረስሁ።»

«አላህ ይማርህ» አሉ ፈገግ ብለው። ፈገግታው ግን አልቆየም። «እንግዲህ ይወስዱሃል» አሉና ወደ ውስጥ ሳይገቡ እዚያው ነፋሱ ላይ ተቀመጡ።