አልኮል የተረጨው መጽሔቴ

ነገሩ የሆነው በኮሮና ጊዜ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት በዋልንበት ወቅት ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዛሬም ሳስታውሰው መጀመሪያ እስቃለሁ፤ ቀጥሎ አፍራለሁ።

የአማርኛ መምህራችን ቤት ስለመዋል በእጃችን መጽሔት እንድናዘጋጅ በቴሌግራም አዘዙን። መጻፍ ነፍሴ ነው። የምንኖረው ካዛንቺስ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ስለነበር ወሬ አላጣሁም። የቧንቧውን ወረፋ፣ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ በመስኮት የሚያደርጉትን ጨዋታ፣ ሁሉንም በእስክሪብቶ ጽፌ፣ ሥዕል ጨምሬ በመርፌና በክር ሰፋሁት። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሊሰበሰብ አንድ ቀን ሲቀረው ጎረቤት ይየው ብዬ በየደጃፉ አዞርኩት። መጨረሻ የደረሰው ባለሱቁ ጋሽ ከድር ዘንድ ነው። በጥንቃቄ የሚስተካከላቸው አልነበረም።

ከሰዓት ልወስድ ስሄድ መጽሔቴ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ሳያነቡት በፊት እያንዳንዱን ገጽ አልኮል ረጭተውታል። የእስክሪብቶ ቀለም ደግሞ አልኮል አይችልም፤ ጽሑፌ ሟሙቶ ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኗል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ ከድር የሚገቡበት ጠፋቸው።

ለቅሶዬን የሰማው ሁሉ ብቅ ብሎ በየበሩ ቆመ። ጠዋት መጽሔቱን ሳዞር ገለጥ ገለጥ አድርገው ያለፉት ነበር የመሰለኝ። እትዬ አልማዝ ግን ስለ እሳቸው የጻፍኩትን ቃል በቃል ይሉት ጀመር።

"ወረቀት አምጪ፤ የራሴን ገጽ ራሴ እጽፈዋለሁ" አሉ።

ሌሎቹም እየተራረሙ የየራሳቸውን ጻፉ። ስለ ጋሽ ከድር የጻፍኩትን ግን ማንም አላነሳም። ሽንኩርት በሳሙና ያጥባሉ፣ ሚስታቸውን ቤት ቆልፈውባቸዋል ብዬ ያላገጥኩበት ገጽ ነበር። ሁሉም አንብበውታል። እኔም አላነሳሁትም።

ጋሽ ከድር ወረቀት ተቀብለው ገቡ። ሲመለሱ ሁለት መስመር ብቻ ጽፈዋል። "ባለቤቴ ኩላሊቷን ታማለች። ኮሮና ቢይዛት አትተርፍም ብለው ሐኪሞች ስለነገሩኝ ፈርቼ ነው የረጨሁት።"

መምህሩ የራሴ እጅ ጽሑፍ ስላልሆነ ማርክ ቀነሱብኝ። ምንም አልመሰለኝም። ግቢው ዛሬ የለም፤ ጎረቤቶቼም ተበትነዋል፤ መጽሔቱ ግን ከነእጅ ጽሑፋቸው እኔ ጋ አለ። ጋሽ ከድር ያላገጥኩባቸውን ያንን ገጽ ሳያነቡት ስላጠፉት ፈጣሪን አመሰግናለሁ።